ራስን በራስ መለካት፦ ከጂንካ ሜዳ እስከ በርሊን ጎዳና

በደቡብ ኦሞ፣ በሐመር ምድር፣ አንድ ወጣት ለአካለ መጠን መድረሱ የሚረጋገጠው በወረቀት አይደለም። በዲመካና በቱርሚ ዙሪያ በሚደገሰው የኡኩሊ ቡላ ሥርዓት ከብቶች ጎን ለጎን ይደረደራሉ። ይህን ፈተና ቀድመው ያለፉ፣ ግን ገና ያላገቡ፣ «ማዝ» የሚባሉ ጎበዞች ከብቶቹን ቀንድና ጭራ ይዘው ያቆማሉ። ኡኩሊው፣ ማለትም ተፈታኙ ወጣት፣ ራቁቱን ሆኖ ይንደረደርና በመጀመሪያው ከብት ጀርባ ላይ ይወጣል። ከጀርባ ጀርባ እየረገጠ እስከ መጨረሻው ይሮጣል፤ ወርዶ ይመለሳል፤ አብዛኛውን ጊዜ አራት ጊዜ ይመላለሳል። ከእግሩ ሥር ያለው ነገር ሕይወት ያለው፣ የሚተነፍስና የሚወዛወዝ ነው። ጉልበት ብቻውን አይበቃም፤ ሚዛንና ድፍረትም ይጠይቃል።

ፈተናው በሰው ዕድሜ አንድ ጊዜ ነው። ያለፈ ሰው ሚስት ለማግባትና የራሱን ጎጆ ለመቀለስ መንገዱ ይከፈትለታል። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ዘልለህ አሳየን የሚለው የለም፤ በስንት ሴኮንድ ዘለልክ ብሎ የሚጠይቀውም የለም። ቁም ነገሩ ማለፉ ላይ ነው።

ሰውነቱን ለማበርታት የተነሣ ሰው የሚያስፈልገው ፈተና ግን ከዚህ ይለያል። የእሱ ፈተና መደጋገም አለበት፤ ያውም ምንም ሳይለወጥ። በዓለም ዙሪያ ያሉ የስፖርት አሠልጣኞች የመለኪያ ልምምድ የሚሉት ይህንኑ ነው። አንድ የተወሰነ ከባድ ሥራ ይመረጣል፤ በሙሉ ኃይል ይሠራል፤ ውጤቱ በቁጥር ይጻፋል። ከሳምንታት ልምምድ በኋላ ያው ሥራ፣ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ሁኔታ ይደገማል። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት የሰውየው እድገት ነው።

ይህን ከትዕግሥት አሰፋ በተሻለ የሚያሳይ ኢትዮጵያዊ ምሳሌ ማግኘት ይከብዳል። ትዕግሥት በ2016 እ.ኤ.አ. በሪዮ ኦሊምፒክ የተሰለፈችው በ800 ሜትር ነበር። በመጋቢት 2022 እ.ኤ.አ. በሪያድ የመጀመሪያ ማራቶኗን ስትሮጥ 2 ሰዓት ከ34 ደቂቃ ከ1 ሴኮንድ ወሰደባት። በዚያው ዓመት መስከረም በርሊን ላይ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ37 ሴኮንድ ገባች። ዓለም ተደነቀ፤ ነገር ግን የሪያድና የበርሊን መንገድ አንድ ስላልሆነ፣ አየሩም ስለማይመሳሰል፣ ሁለቱን ሰዓት በማነጻጸር ብቻ ምን ያህል እንደተሻሻለች በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም ነበር። መልሱ የመጣው በዓመቱ ነው። በመስከረም 2023 እ.ኤ.አ. እዚያው በርሊን ተመልሳ 2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሴኮንድ ገባች፤ የሴቶችን የዓለም ክብረ ወሰንም ሰበረች። ከተማው ያው፣ ወሩም ያው ነው። የቀነሰችው 3 ደቂቃ ከ44 ሴኮንድ ያለ ብዙ ክርክር የእሷ የራሷ ሥራ ውጤት ነው ሊባል ይችላል።

ለአንድ የጂንካ ከተማ መምህር ወይም የባንክ ሠራተኛ የትዕግሥት ሰዓት የሚፈይደው ነገር የለም። ዘዴዋ ግን ይፈይደዋል።

ዘዴው ከሯጮች ወደ ተራው ሰው የተሻገረው ቀስ በቀስ ነው። የአሜሪካ አየር ኃይል ሐኪም የነበረው ኬኔት ኩፐር በ1968 እ.ኤ.አ. ለወታደሮች አንድ ቀላል ፈተና አቀረበ፦ 12 ደቂቃ ሩጥ፣ የሮጥከውን ርቀት ለካ፤ በቃ። ኩፐር ያገኘው ነገር፣ በ12 ደቂቃ የሚሸፈነው ርቀትና ሰውነት በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ ሊጠቀምበት የሚችለው የኦክስጅን መጠን በጣም የተቀራረበ ዝምድና እንዳላቸው ነው። በሱ ስሌት 2,000 ሜትር የሮጠ ሰው ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም ክብደቱ በደቂቃ 33 ሚሊ ሊትር ያህል ኦክስጅን ይጠቀማል፤ 2,400 ሜትር የሮጠ ደግሞ 42 ያህል። ይህን በላቦራቶሪ ለመለካት ጭንብልና ውድ መሣሪያ ያስፈልጋል። በኩፐር መንገድ ግን ሰዓትና የተለካ ሜዳ ይበቃል።

ከዚያ ወዲህ በጣም የገነነው ክሮስፊት የሚባለው የአሜሪካውያን የልምምድ ስልት ነው። መሥራቹ ግሬግ ግላስማን ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለተመረጡ ከባድ ልምምዶች የሴት ስም ሰጠ፤ የአገሩ የአየር ትንበያ መሥሪያ ቤት ድሮ ለአውሎ ነፋስ የሴት ስም ያወጣ እንደነበረው ማለት ነው። «ፍራን» የሚባለው 43 ኪሎ ግራም ብረት ይዞ ቁጭ ብሎ በመነሣት ከራስ በላይ መግፋትንና በአግዳሚ ላይ ተንጠልጥሎ አገጭን ማሳለፍን ያጣምራል፤ መጀመሪያ 21 ጊዜ፣ ቀጥሎ 15፣ በመጨረሻ 9 ጊዜ። የበቁ ሰዎች ከ3 ደቂቃ ባነሰ ይጨርሱታል፤ ጀማሪ 10 ደቂቃም ላይበቃው ይችላል። «ሲንዲ» የተባለው ደግሞ ብረት አይፈልግም። 5 ጊዜ አግዳሚ ላይ መሳብ፣ 10 ፑሽ አፕ፣ 15 ቁጭ ብድግ፤ ይህ አንድ ዙር ነው። በ20 ደቂቃ ውስጥ ስንት ዙር ይሠራል? የተገኘው ቁጥር ይጻፋል።

የእነዚህ ልምምዶች ብልሃት ያለው ከባድነታቸው ላይ ብቻ አይደለም፤ አለመለወጣቸው ላይ ነው። ፍራን ዛሬም፣ የዛሬ ዓመትም ፍራን ናት። ኬፕ ታውን ያለ ሰውና ቶሮንቶ ያለ ሰው ስለ አንድ ነገር እንደሚያወሩ ያውቃሉ።

አጭርና ብርቱ ልምምድ ሰውነትን መለወጡም በጥናት የታየ ነው። በ1996 እ.ኤ.አ. ጃፓናዊው ኢዙሚ ታባታና ባልደረቦቹ ወጣት የስፖርት ተማሪዎችን በማይንቀሳቀስ ብስክሌት ላይ አሠሩ፤ 20 ሴኮንድ በሙሉ ኃይል፣ 10 ሴኮንድ ዕረፍት፣ ሰባት ስምንት ጊዜ እየተደጋገመ። ከስድስት ሳምንት በኋላ የተማሪዎቹ የኦክስጅን አጠቃቀም ከመጨመሩ በላይ፣ ያለ በቂ ኦክስጅን ጉልበት የማውጣት አቅማቸው በ28 በመቶ አደገ። በቀን አንድ ሰዓት በመካከለኛ ፍጥነት ብስክሌት የመታው ሌላው ቡድን ግን ይህን ሁለተኛውን ለውጥ አላሳየም። ተመራማሪዎቹ ይህን ሊናገሩ የቻሉት ልምምዱ ከመጀመሩ በፊትም፣ በመካከልም፣ በመጨረሻም ስለለኩ ነው። ጂም የሚመላለስ ብዙ ሰው የሚጎድለው ይኸው ነው፤ ይሠራል፣ ያልበዋል፣ ይደክመዋል፣ ግን ከሦስት ወር በኋላ ተለውጦ እንደሆነ ቢጠየቅ መስተዋት ከማየት ሌላ መልስ የለውም።

ወደ ጂንካ እንመለስ። ለብዙ ዓመታት የደቡብ ኦሞ ዞን ዋና ከተማ ሆና የኖረችው ጂንካ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች፣ በአሪ ተራሮች የተከበበች ከተማ ናት። ለከተማዋ እንግዳ የሆነ ሁሉ ይገረምበት የነበረው ነገር በመሐሏ የተዘረጋው የሣር አውሮፕላን ማረፊያ ነው፤ አውሮፕላን በሌለበት ሰዓት ከብት ይግጥበት፣ ልጆችም ኳስ ይጫወቱበት ነበር። አዲሱ ማረፊያ ከተሠራ ወዲህ አውሮፕላኖች ወደዚያ ሄደዋል። ጂንካ ለሩጫ የሚሆን ሜዳና ዳገት አላጣችም ለማለት ነው።

በዙሪያዋ ባለው ገጠር፣ ከብት ተከትሎ ቀኑን ሙሉ ለሚውል የሐመር ወይም የበና ወጣት የመለኪያ ልምምድ ትርፍ ነገር ነው፤ ሰውነቱ በሥራ ተፈትኗል። ነገሩ የሚመለከተው የከተማውን ሰው ነው። ቀኑን ሙሉ ባጃጅ ውስጥ የሚቀመጠውን ሾፌር፣ ከጠረጴዛው የማይነሣውን የቢሮ ሠራተኛ፣ ለፈተና የሚያጠናውን የዩኒቨርሲቲ ተማሪ። አባቱ በእግሩ ይሄድ የነበረውን መንገድ እሱ በሞተር ይሄደዋል።

ይህ ሰው ምን ያስፈልገዋል? የተለካ ርቀት። የሩጫ መም በሌለበት ቦታ 50 ሜትር የሆነ የናይለን ገመድ ይህን ችግር ይፈታል። ገመዱ በሜትር አንድ ጊዜ በደንብ ይለካል፤ ከዚያ በሜዳው ዳር እየተዘረጋ ምልክት ይደረጋል፤ ድንጋይ ወይም ችካል። አራት ጊዜ ሲዘረጋ 200 ሜትር ነው። በ12 ደቂቃ ውስጥ ስንት ጊዜ ሄዶ እንደተመለሰ የሚቆጥር ጓደኛ ቢኖር ጥሩ ነው፤ ባይኖር በየዙሩ አንድ ጠጠር መጣል ይበቃል።

ክብደትም ከሩቅ አይመጣም። በብዙ የኢትዮጵያ ከተሞች ወጣቶች በጣሳና በባልዲ ሲሚንቶ አፍስሰው፣ በብረት ዘንግ አያይዘው ያነሣሉ። ችግሩ የሲሚንቶው ክብደት ስንት እንደሆነ ብዙ ጊዜ በትክክል አለመታወቁ ነው። በየቤቱ ያለው ቢጫ ጀሪካን ግን የታወቀ ነው። ባለ 20 ሊትሩ ሲሞላ ውኃው ብቻ 20 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ ግማሹ 10 ኪሎ ነው። ሁለት ሙሉ ጀሪካን ግራና ቀኝ አንጠልጥሎ 100 ሜትር መሄድ፣ አስቀምጦ 20 ቁጭ ብድግ መሥራት፣ እንደገና አንሥቶ መመለስ፤ ይህን አምስት ጊዜ ደጋግሞ የወሰደውን ሰዓት መመዝገብ። እንዲህ ዓይነቱ ፈተና ከየትኛውም ጂም ፈተና አያንስም። በነገራችን ላይ፣ ጀሪካን በየቀኑ ከምንጭ የሚሸከሙት የአካባቢው ሴቶችና ልጃገረዶች ይህን ከስፖርት የቆጠረላቸው የለም እንጂ፣ ከብዙ ወንዶች በላይ ብርቱ ናቸው።

ለሲንዲ የሚያስፈልገው አግዳሚም በየኳስ ሜዳው አለ፤ የጎሉ አግዳሚ ጽኑ ከሆነ ይበቃል። መሳብ የማይችል ጀማሪ እግሩ መሬት ሳይለቅ፣ ዝቅ ያለ አግዳሚ ይዞ ወደኋላ ጋደም ብሎ ደረቱን ወደ አግዳሚው ቢስብ ይሆናል። ዋናው ነገር በሚቀጥለውም ጊዜ ያንኑ ማድረጉ ነው። ዛሬ ዝቅ ባለው፣ ከወር በኋላ ከፍ ባለው አግዳሚ የተገኙ ቁጥሮች አይነጻጸሩም።

ከዚያ ደብተር። ብዙ ሰው ቁጥሩን ብቻ ይጽፋል፤ እሱ አይበቃም። ጥሩ መዝገብ እንዲህ ይመስላል፦ «ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 12፡30። ሜዳው ደረቅ፣ አየሩ ቀዝቃዛ። ሌሊት ሰባት ሰዓት ያህል ተኝቻለሁ፣ ቁርስ አልበላሁም። በ12 ደቂቃ 2,150 ሜትር። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ደቂቃዎች በጣም ፈጥኜ ጀመርኩ።» የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ከቁጥሩ ይልቅ ታስተምራለች። ጀማሪዎች ሁሉ ማለት ይቻላል በመጀመሪያው ፈተና ፈጥነው ይነሡና መሐል ላይ ይደክማሉ። በሁለተኛው ጊዜ ጉልበታቸው ምንም ሳይጨምር አካሄዳቸውን በማስተካከል ብቻ ይሻሻላሉ። ስለዚህ ብልህ ሰው የመጀመሪያውን ፈተና ለመለማመጃ ይቆጥረውና በሳምንቱ የሚደግመውን እንደ መነሻ ይይዛል።

በደቡብ ኦሞ ደግሞ የቦታው ነገር ቀላል አይደለም። ከጂንካ ወደ ኦሞራቴ የወረደ ሰው ከ1,500 ሜትር ተነሥቶ ወደ 400 ሜትር ገደማ ዝቅ ብሏል። ዝቅ ያለ ቦታ ላይ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ይበልጣል፤ ነገር ግን የቆላው ሙቀት ያንን ጥቅም መልሶ ይወስደዋል። ሰውነት በሙቀት ጊዜ ደሙን ለጡንቻ ብቻ ሳይሆን ለቆዳም ያካፍላል፤ ልብ በዚያው ፍጥነት ላይ የበለጠ ትመታለች። የጂንካን ቁጥር ከኦሞራቴ ቁጥር ጋር ማነጻጸር ፋይዳ የለውም። የበልግ ዝናብ ሲመጣ ጭቃው፣ በጾም ወቅት ባዶ ሆዱ፣ ወባ የያዘው ሰው ከዳነ በኋላ ለሳምንታት የሚቆይበት ድካም፤ ሁሉም በቁጥሩ ላይ ይታያሉ። ዐቢይ ጾም ወይም ረመዳን ውስጥ የተለካ ሰው ከፋሲካ ወይም ከዒድ በኋላ ቢሻሻል ልምምዱ ነው የረዳኝ ለማለት መቸኮል የለበትም። በጾም ወቅት የተለካውን ከጾም ወቅት፣ በፍስክ የተለካውን ከፍስክ ጋር ማስተያየት ይሻላል።

ቁጥር ሰውን የሚያነሣሣው ለምንድን ነው? አራት ተመራማሪዎች ወደ 10 ሚሊዮን የሚጠጉ የማራቶን ውጤቶችን መርምረው አንድ አስገራሚ ነገር አሳይተዋል። ሯጮች በየደቂቃው እኩል ተበትነው አይገቡም፤ ልክ 3 ሰዓት፣ 3 ሰዓት ተኩል፣ 4 ሰዓት ከመሙላቱ በፊት ባሉት ደቂቃዎች ተጠጋግተው ይገባሉ፤ ሰዓቱ እንዳለፈ ቁጥራቸው ይቀንሳል። በ3፡59 እና በ4፡01 መካከል ለጤና የሚያመጣው ልዩነት የለም። ሆኖም 4 ሰዓትን በዓይኑ ያየ ሰው በመጨረሻዎቹ ኪሎ ሜትሮች የሌለ የሚመስለውን ጉልበት ያወጣል። በጂንካ ሜዳ ላይ 2,150 ሜትር የሮጠውም እንዲሁ ነው። የሚቀጥለው ግቡ ጤናማ መሆን የሚል ሰፊ ምኞት ሳይሆን 2,200 ሜትር ይሆናል፤ ማክሰኞ ጠዋት ከአልጋው የሚያስነሣውም እሱ ነው።

ግን ቁጥር የሚቆምበት ጊዜ አለ፤ ብዙ ሰውም ልምምዱን የሚተወው ያኔ ነው። ለዚህ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በርሊን ላይ ያስመዘገበውን ማየት ይጠቅማል። በ2006 እ.ኤ.አ. 2 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ከ56 ሴኮንድ። በ2007 እ.ኤ.አ. በ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ26 ሴኮንድ የዓለም ክብረ ወሰን፤ አንድ ደቂቃ ተኩል ቀነሰ። በ2008 እ.ኤ.አ. እንደገና ክብረ ወሰን፣ 2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሴኮንድ፤ ያ ሁሉ የዓመት ልፋት ያመጣው ቅናሽ 27 ሴኮንድ ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. ደግሞ ውድድሩን ቢያሸንፍም ሰዓቱ ከሁለት ደቂቃ በላይ ወደ ኋላ ተመለሰ። የዓለም ምርጥ የነበረ ሰው በዚያው ከተማ አንድ ዓመት ብዙ፣ አንድ ዓመት ጥቂት ተራመደ፣ አንድ ዓመትም ወደ ኋላ ሄደ። በሦስተኛው ወር ቁጥሩ የቆመበት የቢሮ ሠራተኛ ተስፋ የሚቆርጥበት ምክንያት የለም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚመጣው ፈጣን ለውጥ የጀማሪነት ስጦታ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው በጥቂት በጥቂቱ የሚገኝ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ሌላም ነገር አለ፤ መለኪያውን ራሱን ልምምድ ማድረግ። በየሳምንቱ በሙሉ ኃይል የሚፈተን ሰው አይሻሻልም፤ ይደክማል። ስድስት ወይም ስምንት ሳምንት ልምምድ፣ ከዚያ አንድ ፈተና፤ ለተራ ሰው ይህ ይበቃዋል። በመካከሉ አብዛኛው ሩጫ እያወሩ ሊሮጡት የሚቻል ቀላል መሆን አለበት። ብርቱው ልምምድ በሳምንት ሁለት ቀን ቢሆን ጥሩ ነው። ለምሳሌ የኖርዌይ ተመራማሪዎች የፈተኑት፣ 4 ደቂቃ በብርቱ ሮጦ 3 ደቂቃ እያቀዘቀዙ አራት ጊዜ መደጋገም፣ ለጂንካ ዳገቶች የተስማማ ነው።

አደጋውንም መሸፈን አይገባም። የደም ግፊት፣ የልብ ሕመም ወይም ስኳር ያለበት ሰው፣ ለዓመታት ሳይንቀሳቀስ የኖረም እንዲሁ፣ ሐኪም ሳያይ በሙሉ ኃይሉ መፈተን የለበትም። ከአቅም በላይ የሆነ ድግግሞሽ፣ በተለይ በሙቀትና በቂ ውኃ ባልተጠጣበት ጊዜ፣ ጡንቻን እስከ ማፈራረስ ሊያደርስ ይችላል። ከልምምድ በኋላ ሽንቱ እንደ ጥቁር ሻይ የጠቆረበት ሰው ነገ ይሻለኛል ሳይል ያኔውኑ ጤና ተቋም መሄድ አለበት፤ ኩላሊት የሚጎዳበት ሁኔታ ነው። ደረት ላይ የሚያጨናንቅ ሕመም፣ ማዞር፣ ራስን መሳት ከታየ ፈተናው ያኔውኑ ይቆማል።

ኢትዮጵያ ውስጥ ሰው ለስፖርት የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ በጋራ ነው። በኅዳር 2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች የተጀመረው «መንገድ ለሰው» መኪናን ከጎዳና አውጥቶ ሰውን አስገባ፤ የመሥሪያ ቤቶች ማስ ስፖርትም ሥራ ላይ ብቻ ይተዋወቁ የነበሩ ሰዎችን በቱታ አገናኘ። ይህ በጎ ነገር ነው፤ የሚጎድለው መዝገብ ነው። ከእሑድ እሑድ የሚዘል ሕዝብ መሻሻሉን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በዚያው ቦታ፣ ለፈቃደኞች ብቻ የ12 ደቂቃ ፈተና ቢጨመርበት ከወጪው ይልቅ ጥቅሙ ይበዛል።

ከሁሉ በላይ ግን ነገሩ ትምህርት ቤት ቢገባ ይሻላል። ለዚህ የተመቸው ካናዳዊው ሉክ ሌዤ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ያዘጋጀው የ20 ሜትር የመመላለስ ሩጫ ነው። ሁለት መሥመር በ20 ሜትር ርቀት ይሠመራል፤ ተማሪዎቹ በድምፅ ምልክት ከአንዱ ወደ ሌላው ይሮጣሉ፤ ፍጥነቱ በሰዓት 8.5 ኪሎ ሜትር ይጀምርና በየደቂቃው በ0.5 ይጨምራል። ምልክቱን መከተል ያቃተው ይወጣል፤ የደረሰበት ደረጃ ይመዘገባል። የሚያስፈልገው ስልክ፣ ድምፅ ማጉያና ኖራ ነው፤ ጫማ የሌለውም በባዶ እግሩ ይሮጣል። አንድ የስፖርት መምህር መስከረም ላይ ክፍሉን ለክቶ ሰኔ ላይ ቢደግመው፣ ውጤቱን በሰሌዳ ለጥፎ ልጆችን ከማወዳደር ይልቅ ለእያንዳንዱ ተማሪ በየግሉ ቢነግረው፣ ከክፍሉ መጨረሻ የወጣችው ልጅ ከማንም በላይ የተሻሻለችው እሷ መሆኗን ልታውቅ ትችላለች። የዲመካም ይሁን የቀይ አፈር ትምህርት ቤት ይህን ለመጀመር የተለየ በጀት አያስፈልገውም፤ መምህሩ የመስከረሙን ዝርዝር እስከ ሰኔ ሳይጠፋ የሚያስቀምጥበት መሳቢያ ካለው ይበቃል።